የመማር ውጤት ዓረፍተ ነገሮቻችን «አይለካም» ተብለው ተመለሱ፤ እንዴት ይስተካከሉ?

ደንገል፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦች። ባሕር ዳር ውስጥ ለ2ኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጥ የጣና ውሃ ጥራት የመስክ ልምምድ ኮርስ እያዘጋጀን ነው። በአንድ ሴክሽን 42 ተማሪዎች አሉ። ያለን መሣሪያ ሁለት የፒኤች መለኪያ፣ አንድ የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ፣ ሦስት ሴኪ ዲስክ (የውሃውን ጥርት ማለት ለመለካት በገመድ የሚወርድ ክብ ሳህን) እና ጥቂት ኳድራት (የሚቆጠረውን ቦታ የሚከልል አራት ማዕዘን ፍሬም) ነው። የመስክ ጣቢያዎቹ የከተማው ዳርቻ፣ ዘጌና ጨራጨራ ናቸው። ኮርስ አውትላይኑ ላይ «የመማር ውጤት» ብለን ያሰፈርናቸው እነዚህ ነበሩ፦

1. ተማሪዎች የውሃ ጥራትን ምንነት በሚገባ ይገነዘባሉ።
2. ተማሪዎች የፒኤች፣ የሟሟ ኦክስጅንና የውሃ ድፍርስነት አለካክን ያውቃሉ፤ ውጤቱንም ተንትነው ሪፖርት ያቀርባሉ።
3. የእምቦጭ አረም ሥርጭት፣ መንስኤና መፍትሔ።
4. ተማሪዎች በዘጌ የመስክ ጉብኝት ያደርጋሉ።
5. ተማሪዎች ለጣና ሐይቅ ተቆርቋሪ ይሆናሉ።

ገምጋሚዎች አምስቱንም «አይለካም፣ እንደገና ይጻፍ» ብለው መለሷቸው። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ግሶቹን ከብሉም ሠንጠረዥ (ለየመማር ደረጃው ግሶች ከሚደረደሩበት) እየመረጥን ብንተካ፣ ለምሳሌ «ይገነዘባሉ» የሚለውን «ያብራራሉ» ብንለው፣ ይበቃል? የማለፊያው መስፈርት (ስንት ከመቶ፣ ምን ያህል ስሕተት ይፈቀዳል) እዚያው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይግባ ወይስ ሩብሪኩ (ነጥብ አሰጣጡን በየደረጃው የሚገልጸው ቅጽ) ላይ? አምስተኛውን ደግሞ መተው አንፈልግም፤ ምን ብናደርገው ይሻላል?

የሽምብጥ መምህር፦

ግስ መለዋወጥ ለብቻው አያወጣችሁም። «ይገነዘባሉ» ተሰርዞ «ያብራራሉ» ቢባል ገምጋሚው ያሳልፈው ይሆናል፤ ፈተና የሚያወጣው መምህር ግን ምን እንደሚጠይቅ አሁንም አያውቅም። ከዓረፍተ ነገሩ በፊት ማስረጃውን አስቡ። ለእያንዳንዱ ውጤት ሁለት ጥያቄ መልሱ፦ ተማሪው ይህን መቻሉን የሚያሳየኝ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ሥራውን አይቼ «ይኼ አይበቃም» የምለውስ ምን ሲጎድለው ነው? ለሁለተኛው መልስ ካጣችሁ ዓረፍተ ነገሩ ገና አልበሰለም። መልስ ካገኛችሁ ግን ግሱ ራሱ ይመጣል፤ ሠንጠረዥ መግለጥም አያስፈልግም።

1ኛውን በዚህ እንየው። የውሃ ጥራት የገባው ተማሪ ከአልገባው በምን ይለያል? የፒኤችን ትርጉም ሁለቱም ሸምድደው ሊጽፉ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው የቁጥር ሠንጠረዥ ስትሰጧቸው ነው። ሙቀት 22 ዲግሪ፣ የሟሟ ኦክስጅን 12 ሚሊ ግራም በሊትር የሚል ውጤት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተለክቶ ቢቀርብለት፣ የገባው ተማሪ ይጠራጠራል፤ ሌሊቱን ዕፅዋቱም ነፍሳቱም ኦክስጅን ሲጠቀሙ አድረው፣ ፀሐይ ገና ሳትጠነክር ያን ያህል ከየት መጣ? ያው ቁጥር አልጌ በበዛበት ዳርቻ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢለካ ግን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፦ «ከአንድ ጣቢያ የተሰበሰበ የመለኪያ ውጤት ሲሰጠው አጠራጣሪውን ቁጥር ለይቶ፣ የጥርጣሬውን ምክንያት ከሰዓቱ፣ ከሙቀቱና ከቦታው ሁኔታ ጋር አያይዞ ያስረዳል።» ቁጥሩን ጠቁሞ ምክንያት ያልሰጠ፣ ወይም ምክንያቱ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ያልተያያዘ፣ አልበቃም። ይህ በወረቀት ይፈተናል፣ በየሴሚስተሩም ቁጥሩን እየቀያየሩ ማውጣት ይቻላል።

2ኛው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ውጤት ታጭቋል። መለካት አንድ፣ መተንተን ሁለት፣ መጻፍ ሦስት። ተማሪው አሳምሮ ለክቶ ሪፖርቱ ቢበላሽ «አሟልቷል» ትሉታላችሁ ወይስ «አላሟላም»? ሁለት ግስ በ«ና» ወይም በ«ም» ተጣምሮ ስታዩ ለመክፈል ተዘጋጁ። የማይከፈለው አንዱ ለሌላው መንገድ ብቻ ሲሆን ነው፤ ከላይ የጻፍኩት «ለይቶ ያስረዳል» ውስጥ መለየቱ የማስረዳቱ አካል ስለሆነ መነጠል የለበትም።

3ኛው የምዕራፍ ርዕስ ነው። 4ኛው የማስተማሪያ ዘዴ ነው፤ ቦታው «የማስተማር ስልት» የሚለው ክፍል ነው፣ ወደዚያ አዛውሩት። ተማሪ ዘጌ ደርሶ ቡና ጠጥቶ ቢመለስም ጉብኝቱን አድርጓል።

ስለ እምቦጭ ከሁለት አንዱን ምረጡ። ክህሎት ከፈለጋችሁ፦ «አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ኳድራት ተጠቅሞ፣ በዕጣ በተመረጡ ነጥቦች፣ የአረሙን ሽፋን በመቶኛ ይገምታል።» በዕጣ የሚለው ቃል እንዳይወጣ፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ አረሙ ወደበዛበት ስለሚጥሉት ግምቱ ይጋነናል። ዕውቀት ከፈለጋችሁ ደግሞ፦ «በእጅ የተነቀለ ዳርቻ መልሶ የሚወረርበትን ምክንያት ከአረሙ የመራቢያ መንገዶች ተነሥቶ ያስረዳል።» እዚህ የምትጠብቁት ማስረጃ ቢያንስ ሁለት ነገር መያዝ አለበት፤ ከቁርጥራጭና ከሐረግ እንደገና መብቀሉን፣ እንዲሁም ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየቱን። «ሕዝቡ ስላልተባበረ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሊያሳዝን ይችላል እንጂ አላሟላም።

የማለፊያ መስፈርቱን በተመለከተ እኔ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዲገባ እመርጣለሁ። ስለ ትምህርት ዓላማ አጻጻፍ የጻፈው ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳስቀመጠው የተሟላ ዓላማ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የሚታይ ድርጊት፣ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ሁኔታ፣ ተቀባይነት የሚያገኝበት ደረጃ። ደረጃው ካልተጻፈ ሁለት መምህራን አንዱን ሥራ አንዱ ሲያሳልፈው ሌላው ይጥለዋል።

ዓባይ ማዶ፦

መምህር ከማስረጃ መነሣት ባሉት ላይ አልጨምርም። በመጨረሻው ግን አልስማማም። ሦስቱ አካላት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ወይም ለአንድ ተግባር ዓላማ ይሠራሉ፤ ለኮርስ ደረጃ ግን ይከብዳሉ። ለፒኤች አለካክ ሦስቱንም ላስገባና እዩት (ባፈር ማለት ፒኤቹ አስቀድሞ የታወቀ፣ መለኪያው የሚስተካከልበት ፈሳሽ ነው)፦

«ሁለት ባፈርና የተጣራ ውሃ ሲቀርብለት፣ ያለ ረዳት፣ በ8 ደቂቃ ውስጥ፣ የፒኤች መለኪያውን በ7 እና በ10 ባፈር አስተካክሎ፣ ፕሮቡን በየመካከሉ አጥቦ፣ ንባቡ እስኪረጋ ጠብቆ፣ 7 ባፈሩ ተመልሶ ሲለካ ከ0.1 ባልበለጠ ልዩነት እንዲነበብ ያደርጋል።»

ለተግባር ፈተና ወረቀት ግሩም ነው። ኮርስ አውትላይን ላይ እንዲህ ያሉ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ቢደረደሩ ግን ማን ያነባቸዋል? ደግሞም መሣሪያው በተቀየረ ቁጥር ኮርሱን እንደገና ማጸደቅ ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ኮርሱ ላይ «የውሃ ናሙናን ፒኤች በተስተካከለ መለኪያ በትክክል ይለካል» ይበቃል፤ ባፈሩ፣ ደቂቃውና 0.1 ሩብሪኩ ላይ ይስፈሩ። «በትክክል» የሚለው ቃል ያለ ሩብሪኩ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይጽደቁ፣ ሩብሪኩ «ወደፊት ይዘጋጃል» ተብሎ እንዳይቀር። ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ 7 እና 10 ያልኩት የጣና ውሃ ወደ አልካላይን ስለሚያደላ ነው፤ ንባቡ በሁለቱ መካከል መውደቅ አለበት። ክፍት ሆኖ የቆየ 10 ባፈር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይወርዳል። ለፈተና ቀን አዲስ ይከፈት፤ አለበለዚያ የተማሪው ነጥብ በባፈሩ ይቀነሳል።

ስለ ብሉም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ምድብ ስድስት ደረጃ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አንደርሰንና ክራትዎል አሻሽለው ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር ብለው አስተካክለውታል። ችግሩ ብዙ ሰው ምድቡን የግስ መዝገብ አድርጎ መያዙ ነው። «ያብራራል» የየትኛው ደረጃ ነው? በሃንድ አውት የተሰጠውን ማብራሪያ መልሶ ከጻፈ ማስታወስ ነው፤ አይቶት የማያውቀው ሠንጠረዥ ተሰጥቶት ካብራራ መረዳት፣ ምናልባትም መተንተን ነው። ደረጃውን የሚወስነው ጥያቄው ለተማሪው አዲስ መሆን አለመሆኑ ነው። አውትላይኑ ላይ «ይተነትናል» ተጽፎ ፈተናው «ከሚከተሉት የውሃ ጥራት መለኪያ ያልሆነው የቱ ነው» የሚል ምርጫ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ለጌጥ ነው። ምርጫ ጥያቄ መተንተንን አይለካም ማለቴ አይደለም። ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ከፊቱ ተደርጎ በጥንቃቄ ከተጻፈ ይለካል። መለኪያ አስተካክሎ ውሃ መለካትን ግን በፍጹም አይለካም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተናም የምርጫ ስለሆነ፣ የመስክ ክህሎታችሁን ሌላ ማንም አይመዝንላችሁም፤ ኮርሱ ውስጥ ካልተመዘነ የትም አይመዘንም።

ደንገል፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማስረጃውን አስቀድሞ ማሰብ ሥራውን አቅልሎልናል። ግን «ያለ ረዳት» ሲባል 42 ተማሪ በአንድ የኦክስጅን መለኪያ እንዴት ይፈተናል? እስካሁን በቡድን ነበር፤ ስድስት ስድስት ሆነው ይለካሉ፣ አንድ ሪፖርት ያስገባሉ፣ ሁሉም አንድ ነጥብ ያገኛሉ።

ዘጌ ቡና፦

በቡድን የተሰጠ ነጥብ የቡድኑ ማስረጃ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ተማሪው ይለካል» እስካለ ድረስ ከስድስቱ መለኪያውን የነካው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላልና ስለ አምስቱ ምንም አልነገራችሁም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ከማጽደቃችሁ በፊት ሰዓትና መሣሪያ አስሉ።

ፒኤች፦ 42 ተማሪ በሁለት መለኪያ 21 ዙር ነው፤ በ8 ደቂቃ ሲባዛ 168 ደቂቃ፣ ሦስት ሰዓት የማይሞላ። ሁለት መምህር ካለ በአንድ ግማሽ ቀን ያልቃል። ሴኪ ዲስክ፦ በሦስት ዲስክ 14 ዙር፣ በ5 ደቂቃ 70 ደቂቃ። ቀላል ነው። የሟሟ ኦክስጅን፦ በአንድ መለኪያ፣ በ10 ደቂቃ፣ 420 ደቂቃ። ሰባት ሰዓት ሙሉ! ማንም አያደርገውም፣ ስለዚህም ሁሉም በቡድን ወደ ማለፍ ይሄዳል። ሁለት መውጫ አላችሁ።

አንዱ ቃል የምትገቡትን መቀነስ ነው። ልኬቱን በቡድን አድርጉና የግል ውጤቱ ስለ ንባቡ ይሁን፦ «የሟሟ ኦክስጅን ንባብን ከሙቀትና ከቦታው ከፍታ አንጻር ገምግሞ ተቀባይነቱን ይወስናል።» ይህ ለጣና ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 22 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በባሕር ጠለል ከዚያ በላይ ማሟሟት እስከማይችል ሲሞላ 8.7 ሚሊ ግራም በሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ግን የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ 7 አካባቢ ላይ ይሞላል። መለኪያው ከፍታው ሳይነገረው በአየር ከተስተካከለ ንባቡን ወደ ሩብ በሚጠጋ ያጋንነዋል፤ ተማሪውም ችግር ያለበትን ውሃ ጤነኛ ነው ብሎ ይጽፋል። የፈተና ጥያቄ ለማውጣት ከዚህ የተሻለ የለም፦ ከፍታ ሳይስተካከል የተወሰደ ንባብ ስጡት፣ ስሕተቱን ያግኝ።

ሌላው የዊንክለር ዘዴ ነው፤ የሟሟ ኦክስጅንን ያለ መለኪያው በኬሚካል መለካት ማለት ነው። ብርጭቆውና ኬሚካሉ ካለ ሁሉም በየራሳቸው ይሠራሉ። 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የአየር አረፋ ሳይገባበት ይሞላል፤ ማንጋኒዝ ሰልፌትና አልካሊ አዮዳይድ አዛይድ ይጨመራል፣ ዝቃጩ ሲረጋ በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ከዚያ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ተቀድቶ ስታርች እየታከለበት በ0.025 ኖርማል ሶዲየም ታዮሰልፌት ሰማያዊው ቀለም እስኪጠፋ ይንጠባጠብበታል። በዚህ መጠን የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም በሊትር ማለት ነው። የግል ማስረጃው በቁጥር ይወጣል፤ መምህሩ ከአንድ ባልዲ ውሃ የራሱን ሦስት ንባብ ወስዶ የተማሪው ውጤት ከእሱ አማካይ በ0.5 ውስጥ ወድቋል ወይ ብሎ ያያል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አረፋው ላይ ነው፤ አረፋ ሲገባ ንባቡ ከፍ ይላል። ባልዲው ሳይከደን ከቆየም ውሃው ራሱ ስለሚለወጥ፣ የመጨረሻው ተማሪ ያለ ጥፋቱ እንዳይወድቅ ናሙናው በአንድ ጊዜ ለሁሉም ተቀድቶ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኬሚካሎች ወዲያው ይጨመሩበት።

አሁን ወደ 5ኛው። መቆርቆር አይፈተንም፤ «ለጣና ትቆረቆራለህ?» ብትሉት «አዎ» የማይል ባሕር ዳሬ የለም። ለጣና የሚቆረቆር ሰው መስክ ላይ ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም? አዛይድ ያለበትን የዊንክለር ዝቃጭ ሐይቁ ውስጥ አይደፋም፤ በቆሻሻ ጠርሙስ ሰብስቦ ላቦራቶሪ ይመልሳል። ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ቦቲውን፣ ገመዱንና ኳድራቱን ከእምቦጭ ቁርጥራጭ ያጸዳል፤ አንድ ቁራጭ በቂ ዘር ነውና። እግረ መንገዱን ራሱንም ይጠብቃል፦ ቢልሃርዚያ ባለበት ዳርቻ ያለ ቦቲና ጓንት ውሃ አይነካም፣ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ያጠልቃል። እንዲህ ይጻፍ፦ «በመስክ ሥራ ወቅት ሐይቁንና ራሱን ከጉዳት የሚጠብቁ አሠራሮችን ሳይታዘዝ ይተገብራል።» ቁልፉ «ሳይታዘዝ» ነው። በሁለት የተለያዩ መስክ ቀናት፣ የትኛው ቀን እንደሚመዘን ሳይነገራቸው፣ በአራት ነጥብ «አደረገ/አላደረገ» ቅጽ ይያዝ። ላይፍ ጃኬቱን ግን ዝም ብላችሁ አትመዝኑት፤ ያላጠለቀ ጀልባ አይሳፈር፣ «አላደረገ» የሚለውም በዚያው ይያዝ።

ደንገል፦

ድንቅ ነው። ለሴኪ ዲስክ የጻፍነው ሩብሪክ «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ» ነው። እሱም ይመለሳል መሰለኝ?

ዓባይ ማዶ፦

ይመለሳል። «ጥሩ» ለአንዱ አራሚ ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ነው። በየደረጃው የሚታየውን ሥራ ጻፉ። መጀመሪያ «ያሟላል» የሚለውን ጻፉት፣ ሌሎቹ ከእሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይወጣሉ።

ያሟላል፦ 20 ሴንቲ ሜትሩን ዲስክ በጀልባው ጥላ በኩል ያወርዳል፤ የጠፋበትንና ሲስበው እንደገና የታየበትን ጥልቀት መዝግቦ አማካዩን ይወስዳል፤ ሰዓቱንና የሰማዩን ሁኔታ ይጽፋል። ከዚህ በላይ፦ ይህን ሁሉ አድርጎ፣ ንባቡን አጠራጣሪ የሚያደርግ ነገር (ማዕበል፣ ደመና፣ ዘንበል ያለ ገመድ) ራሱ አይቶ ይመዘግባል ወይም ይደግማል። በከፊል፦ የጠፋበትን ብቻ መዝግቦ ይተዋል፣ ወይም ሰዓቱን አይጽፍም። አያሟላም፦ ዲስኩ መሬት ነክቶ ቆሞ ሳለ ያንን ጥልቀት እንደ ንባብ ይጽፋል፣ ወይም ፀሐይ በሚያንጸባርቅበት በኩል ይለካል። ዳር ላይ ባለ የጀልባ ማቆሚያ ከፈተናችሁ መሬት መንካቱ በተደጋጋሚ ይመጣል፤ ስለዚህ ዲስኩ ሳይነካ የሚጠፋበትን ቦታ አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜም ጨርሱ።

ከዚያ ሁለት አራሚዎች ሳይመካከሩ አምስት ያህል ተማሪዎችን አብረው ይመዝኑ። በተለያዩበት ቦታ ሁሉ ስሕተቱ የሩብሪኩ ነው ብላችሁ ተነሡ፤ ቃሉን አስተካክሉት።

የሽምብጥ መምህር፦

መስፈርቱ ሩብሪክ ላይ ይሁን የሚለውን ተቀብያለሁ፤ አብረው ይጽደቁ ከተባለ ስጋቴ ይቀላል።

ያልተነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ጠቅላላ ነጥብ የመማር ውጤትን አያሳይም። ሁለት ተማሪዎች 64 ከ100 ቢያመጡ አንዱ ከሪፖርትና ከፈተና፣ ሌላው ከመስክ ሥራ ሰብስቦት ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ፒኤች መለኪያ አስተካክሎ አያውቅም። ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄና ተግባር አንድ ዓምድ ይኑር፣ በዓምዱ ራስ ላይ የሚለካው ውጤት ቁጥር ይጻፍ። ራሱ ባዶ የሆነ ዓምድ ካገኛችሁ ጥያቄው ከኮርሱ ውጭ ነው። ዓምድ ያላገኘ ውጤት ካለ ደግሞ በወረቀት ብቻ የቀረ ነው፤ ወይ ተግባር ይሰጠው ወይ ይውጣ። ከዚያ በየውጤቱ «ያሟላል» እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ቁጠሩ። ዲፓርትመንቱ ለምሳሌ 70 በመቶ ብሎ ቢወስን ከ42ቱ ቢያንስ 30 ተማሪ ማለት ነው። ቁጥሩ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ይወሰን፣ ውጤት ከታየ በኋላ የሚወሰን መስፈርት ሁልጊዜ ይሟላል።

ደንገል፦

እንግዲህ እንዲህ አድርገነዋል። ይታይልን።

1. ከአንድ ጣቢያ በተሰበሰበ የመለኪያ ውጤት ውስጥ አጠራጣሪውን ቁጥር ለይቶ ምክንያቱን ያስረዳል።
2. የውሃ ናሙናን ፒኤችና የሴኪ ጥልቀት በትክክል ይለካል።
3. የሟሟ ኦክስጅን ንባብን ከሙቀትና ከከፍታ አንጻር ገምግሞ ተቀባይነቱን ይወስናል።
4. የእምቦጭን ሽፋን በኳድራት ይገምታል፤ መልሶ የመውረሩንም ምክንያት ያስረዳል።
5. በመስክ ሥራ ወቅት ሐይቁንና ራሱን የሚጠብቁ አሠራሮችን ሳይታዘዝ ይተገብራል።

ዓባይ ማዶ፦

4ኛው እንደገና ሁለት ሆኗል፤ ክፈሉትና ስድስት ይሁኑ፣ ስድስት አይበዛም። ግምቱ ላይ «በዕጣ በተመረጡ ነጥቦች» የሚለውንም መልሱት። 2ኛው ሁለት ልኬት ቢይዝም ግሱ አንድ ስለሆነ ሊቆይ ይችላል፤ ኤክሴሉ ላይ ግን 2ሀ እና 2ለ ተብሎ ይለይ፣ የአንዱ ድክመት በሌላው እንዳይሸፈን። 1፣ 3 እና 5 ይሂዱ።

ስድስቱንም በየሴሚስተሩ ሙሉ በሙሉ ለመተንተን አትሞክሩ፤ ነጥብ ለሁሉም ይሰጥ፣ ትንተናው ግን በአንድ ሴሚስተር በሁለት ውጤቶች ላይ ብቻ ይሁን። ዓረፍተ ነገር ስታሻሽሉ ደግሞ አሮጌውን ቁጥር ለአዲሱ አትስጡት። 3ኛው ከተቀየረ 7 ይሁን እንጂ 3 አይባል፤ ካልሆነ የዘንድሮውን ውጤት ከአምናው ጋር ስታስተያዩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ታነጻጽራላችሁ።